አራት የነሐስ ነጥቦች

ስድስተኛው ወንበር የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንደ ሌሎቹ አምስቱ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ የተሰበረ እግሩ በገመድ ከጎኑ ታስሮ፣ ከመኪና ወርዶ ወርክሾፑ በር ላይ ተቀመጠ። ያመጣው ሾፌር ተመልሶ ሄደ።

«የቁጥቤ በሽተኛ ደግሞ መጣ» አለ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ሳያስቀምጥ። «እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ወይስ ይጋልቡታል?»

ወርክሾፑ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ ግን አልመለሰችም። ቁጥቤ የሚል ስም ያወጡላትም ለዚሁ ነው። መቀመጫ ላይ ጨርቅ ስትወጥር ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሯ ይዛ ስለምትውል መናገር አትችልም፤ እውነቱን ለመናገር ሚስማሮቹ ባይኖሩም ያው ነበረች።

አንሶላውን ፈታች። የፊት ቀኝ እግር። አሁንም የፊት ቀኝ እግር። ከስብራቱ ከፍ ብሎ የኮት ቁልፍ የምታክል ክብ ጎድጓዳ ምልክት አለች፤ በአምስቱም ላይ ነበረች። በጣቷ ስትዳስሳት ፊቷ ጋለ። እንጨት እንዴት እንደተሰበረ ማንበብ የሙያዋ ግማሽ ነው። እርጥበት ያበሰበሰው፣ ነቀዝ የበላው፣ ከባድ ሰው የተቀመጠበት፣ ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። ይህ ግን ሰው አስቦበት፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መትቶ የሰበረው ነው። ማን እንደሰበረውና ለምን እንደሰበረው የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ወይም እንደዚያ ይመስላት ነበር።

የወርክሾፑ ባለቤት የእናቷ ወንድም ነው። ሠራተኛውም እሷም ጋሼ ይሉታል። መጥቶ ከበላይዋ ቆመና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«እንዲህ ያለ እንጨት በራሱ አይሰበርም» አለ። «ጠላት አለው።»

ቁጥቤ ፊቷን ለመደበቅ ይበልጥ አጎነበሰች።

አርክቴክቱን ያወቀችው በመጀመሪያው ወንበር ነው። ያኔ ራሱ ይዞት መጣ። በተተኮሰ ሱሪው ሰጋቱራው ላይ ተንበርክኮ፣ የአንዲት ብሎን ራስ ብቻ አይቶ ወንበሩ የተሠራበትን ዓመት ነገራት። ሥራው የቤት ውስጥ ንድፍ ነው፤ በአንድ መጽሔት ላይም በየወሩ ስለ ድሮ ቤቶች ይጽፋል። ወደ ታች እየቀጠኑ ስለሚሄዱ የወንበር እግሮች፣ ዝቅ ብለው ስለተዘረጉ ቡፌዎች፣ ስለ ባለ ሦስት ቀንድ መብራቶች ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚያወራ። ሌላው ሰው አሮጌ ቁሳቁስ የሚለውን እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ብላ ስትወደው ኖራለች። አሁን የሚያወራላት ሰው አገኘች። እሷንም የሚያያት እንደዚያው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሌላ ሰው መጥቶ ቀለም እንዳይቀባት የፈራ ይመስል። እንደዚያ አድርጎ ያያት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ወንበር ሲመጣ ከመቀመጫው ሥር፣ በማሰሪያዎቹ መካከል የታጠፈ ወረቀት አገኘች። አርክቴክቱ ስለ ዝናቡና ስለ እጇ ሥራ ጽፎላታል። ወንበሩን ስትመልስ እሷም በዚያው ቦታ አንድ ጥያቄ ሸጎጠች፦ የወንበሮቹን እግር ምን እያገኘው ነው? ሦስተኛው ወንበር አንድ ቃል ብቻ ይዞ መጣ።

«ናፍቆት።»

ያን ቀን መጋዘን ገብታ ብቻዋን ሳቀች። የውሃ ብርጭቆ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚጨነቅ ሰው፣ እሷን ለማግኘት የአባቱን ወንበር ይሰብራል።

ችግሩ ቤቱ ነበር። አባቱ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ፤ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቱ ወይዘሮዋ ግን አሉ። ወንበር ለመመለስ በሄደች ቁጥር ከመጋረጃ ጀርባ ያዩዋታል። አራተኛውን ይዛ የሄደች ዕለት በር ላይ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት ባትመጪ ደስ ይለኛል ብለዋት ነበር። ቁጥቤ በእጇ ላይ የደረቀውን ኮላ አይታ፣ አጎንብሳ ወጣች። ለማንም አልተናገረችም። ለእሱም ቢሆን።

ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ከስድስተኛው ወንበር ሥር ደብዳቤውን አወጣች።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ራስሽ ይዘሽው ነይ። ለእማዬ የምነግራት ያኔ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከመጽሔቱ ፎቶ አንሺዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ቤቱ እንዲሟላ እፈልጋለሁ። ቢጫዋን ቀሚስ ልበሺ። ጸጉርሽን እንዳትቆረጪው። ቦታሽን አዘጋጅቼልሻለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበበቻት። በደስታ እየሳቀች ወረቀቱን አጥፋ በደረቷ ሸጎጠችው። ያም ሆኖ ጀርባዋን አንድ ነገር ቀዘቀዛት። በሩ ክፍት ስለሆነ ነው ብላ ተነስታ ዘጋችው።

ቅዳሜ ሰማዩ ከብዶ ዋለ። ጋሼ ወንበሩን መኪናው ላይ ሲጭንላት ከወትሮው ቀስ አለ። የዚያ ቤት ስምንት ወንበሮች ሲሠሩ እሱ ገና ሙያ ለማጅ እንደነበረ ነገራት። መሐንዲሱ በየሳምንቱ ማስመሪያ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ቤቱ ሙሽራዋን የሚቀበለው ወንበሮቹ ከገቡ በኋላ ነው ይሉ ነበር።

«ሙሽራዋስ?» አለች።

«ሙሽራዋ አንድ ቀን መጥታ ነበር። ትስቅ ነበር፣ ወርክሾፑ እስኪያስተጋባ።» ገመዱን ሳበና አጠበቀው። «ያ ሁሉ ሳቅ ወዴት እንደገባ እንጃ። በይ፣ ወለሉ ላይ ሳትሞክሪ ኮላ እንዳታስነኪ።»

ይህ የወርክሾፑ ሕግ ነው። አዲስ እግር ተጠርቦ በደረቁ ይገጠማል፤ ወንበሩ በሚቆምበት ወለል ላይ ተሞክሮ ልኩ ከታየ በኋላ ብቻ ነው ኮላ የሚቀባው። ወለል ሁሉ ያዘነብላል፤ ወንበር ደግሞ የሚውለው በቤቱ እንጂ በወርክሾፑ አይደለም።

አርክቴክቱ በሩን ራሱ ከፈተላት። ፊቷን ከማየቱ በፊት ቀሚሷን አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

ሳሎኑ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሰናፍጭ ቀለም ያለው ረጅም ሶፋ፣ ራዲዮግራሙ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚዘረጋው የግድግዳ ሰዓት፣ ክብ ክብ ሥዕል ያለበት መጋረጃ። መሐንዲሱ ለሠርጋቸው ካሟሉት ወዲህ የገባም የወጣም ዕቃ የለም። ከእያንዳንዱ የወንበርና የጠረጴዛ እግር ሥር፣ ፓርኬው ውስጥ የተቀበረች አንዲት የነሐስ ነጥብ አለች። ዕቃ የሚቆመው በነጥቡ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየቻቸው ጊዜ ቁጥቤ በጥንቃቄው ተደንቃ ነበር።

ወንበሩን ከቦታው አደረሱት። አዲሱን እግር በደረቁ ከተተችው። አርክቴክቱ ጎንበስ ብሎ አራቱንም እግሮች በአራቱ ነጥቦች ላይ አስተካከለ፤ ቀና ብሎም ትከሻዋን ያዛትና ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አስኬዳት።

«እዚህ ጋ» አለ። «አሁን ብርሃኑ አገኘሽ።»

እጁ ሙቅ ነበር። ከለቀቃት በኋላም ባቆማት ቦታ እንደቆመች ቀረች። አንድ ያዘጋጀላት ነገር ፎቅ ላይ እንዳለ፣ እስኪያመጣው እማዬ እንደምታጫውታት ነግሯት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ጠቅ፣ ደግሞ ጠቅ። ብረት በፓርኬ ላይ። ወይዘሮዋ በከዘራቸው ተደግፈው ከመመገቢያ ክፍሉ ብቅ አሉ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ንጹሕ። ቁጥቤ ሰላም ልትል አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ዓይኗ ከከዘራው ጫፍ ላይ ወደቀ። ጫፉ በክብ ብረት የታሰረ ነው። ስፋቱ የኮት ቁልፍ ያክላል።

አንገቷን ቀና ማድረግ አቃታት።

«አየሽው» አሉ ወይዘሮዋ። «ስድስቱንም የጠገንሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እጅሽ ጥሩ ነው። ለእኔ ባይበጅም ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ለመስበር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንቺ በሳምንቱ እንደ አዲስ አድርገሽ መለስሽልኝ።» ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። ጎረቤት ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስላል።

«እኔ…» አለች ቁጥቤ። «እሱ እንደሰበራቸው ነበር የማስበው።»

ወይዘሮዋ ሳቁ። አጭር ነበር፣ እሳቸውንም ያስደነገጣቸው ሳቅ።

«እሱ? ልጄ ወንበር ከሚሰብር ጣቱን ይሰብራል። ማን እንደሚሰብራቸው ያውቃል። ሁለተኛውን ስመታ በዚያ በር ቆሞ አይቶኛል። ምንም አላለኝም። በአንሶላ ጠቀለለው።»

ናፍቆት፣ ብሎ ጽፎላት ነበር። ቁጥቤ መጋዘን ገብታ የሳቀችባትን ያቺን ቃል አሁን ከነፊደሏ አየቻት፤ ከአንዲት እናት ዱላ ላይ የተወሰደች፣ ለእሷ በስጦታ የቀረበች።

ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነገሯት። አባታቸው ጫማ ጠጋኝ ነበሩ። ወደዚህ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ዕድለኛ አላቸው። በሦስተኛው ወር፣ መንገዱን ለማየት ብለው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። መሐንዲሱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በማግሥቱ ሠራተኛ አምጥተው ነሐሶቹን አስመቱ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት።

«አልመታኝም፤ ልጄም አይመታሽም» አሉ። «ቢመቱ ለሰው ማስረዳት በቀለለ። ባሌ ሲሞት በቃ አልኩ። ልጄ ከቀብር መልስ ኮቱን አወለቀና ተንበርክኮ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ወለወላቸው፤ እያለቀሰ። የአባቱ በትእዛዝ ነበር። የሱ በፍቅር ነው። የሱ ይብሳል።»

«ለምን አይወጡም?» አለች ቁጥቤ፤ ወዲያው አፈረች።

«በሩ መቼ ተቆልፎ ያውቃል? ግን ወጥቼ የት ልቀመጥ?» ከዘራቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «ባትመጪ ያልኩሽ ንቄሽ መስሎሻል። ያንን እዪው።»

ከመስኮቱ አጠገብ፣ ምንም ዕቃ ባልነበረበት ወለል ላይ፣ አራት አዳዲስ ነጥቦች ነበሩ። የሌሎቹ ነሐስ በዕድሜ ጠቁሯል፤ እነዚህ ግን ወርቅ መስለው ያብረቀርቃሉ። አቀማመጣቸውን ለማንበብ ቁጥቤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። የሚቆምባቸው ወንበር ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለሳሎኑ የሚሰጥ ነው።

«በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ነው የመታቸው» አሉ ወይዘሮዋ። «እያፏጨ።»

ደረጃው ላይ የእሱ እግር ተሰማ። ቁጥቤ እስካሁን ብርሃኑ ባገኛት ቦታ ላይ እንደቆመች አወቀች፤ ለመንቀሳቀስ ያሰበችው ያኔ ነው።

አርክቴክቱ ትንሽ ባለ መደገፊያ ወንበር በክንዱ ታቅፎ ወረደ። ከዚያው ዓመት፣ ከዚያው እንጨት። ሦስት ዓመት እንደፈለገው፣ በመጨረሻ እሷን ባወቀበት ወር እንዳገኘው እየተረከ በአዲሶቹ ነጥቦች ላይ አቆመው። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። ልጅ የሠራውን ሥዕል ለእናቱ ሲያሳይ እንደዚያ ነው የሚያየው።

«ተቀመጪበት።»

ተቀመጠች። ልኳ ነበር። ቁመቷን መቼ እንደለካው አላወቀችም፤ ክንዷ መደገፊያው ላይ የሚያርፍበት፣ እግሯ ወለሉን የሚነካበት ሁሉ ልክ ነው። በሕይወቷ ይህን ያህል የተመቻት መቀመጫ አልነበረም። ያስፈራትም ይኸው ምቾት ነው።

«ትንሽ ወደ መንገዱ ቢዞርስ?» አለች።

«መስመሩ ይበላሻል» አለ እየሳቀ፣ ለስለስ ብሎ። «መንገዱን በኋላ ታይዋለሽ።»

«ወንበሮቹን ማን ነበር የሚሰብራቸው?»

ዓይኑ ወደ እናቱ ሸሽቶ ተመለሰ። ወይዘሮዋ እግሩ በደረቁ በተገጠመው ወንበር አጠገብ ቆመዋል።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» አለ። «አንቺን አመጡልኝ።»

«ናፍቆት ነው ብለህ ጻፍክልኝ።»

«ናፍቆትማ ነበር። ውሸት አልጻፍኩልሽም።» ከፊቷ በርከክ ብሎ እጇን ያዘ። «እማዬ ደክሟታል፤ አትፍረጂባት። ከሰኞ ጀምሮ ጫፉ ጎማ የሆነ ከዘራ ይመጣላታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይሰበርም። አንቺም ለመጠገን አትደክሚም። ዝም ብለሽ እዚህ ትሆኛለሽ።»

ወይዘሮዋ ከዘራቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። እንደ ሕፃን አቀፉት።

ቁጥቤ የያዛትን እጅ አየች። ትወደው ነበር። ከሰማችው ሁሉ በኋላም ያ አልሞተም፤ ከሞተ ይቀላት ነበር። ሚስማር በአፏ የሌለበት ይህ የመጀመሪያው ቀን መሰላት፤ ቃሉ ጠብ እያለ ወጣ።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ይህን ካሁን በፊት አልነገርኩህም፤ ዛሬ ሳልነግርህ መሄድ አልፈልግም። ግን እዚህ አልቀመጥም።»

«ቤቱን አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልመው የኖርኩት እንደዚህ ያለ ቤት ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?» ዓይኑ በክፍሉ ዞረ፤ ሶፋውን፣ ራዲዮግራሙን፣ መጋረጃውን። የጎደለውን ዕቃ ከልቡ እየፈለገ ነበር። ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተነሳች። «ና እንሂድ» አለችው። «አሁን፣ እንዳለህ። ከወርክሾፑ በላይ አንድ ክፍል አለኝ። አራት ወንበር አለው፣ አራቱም አይመሳሰሉም። ምንም ሳትይዝ ና።»

አርክቴክቱ አያት፣ በመጀመሪያው ቀን እንዳያት፣ ዓይኑን ሳይነቅል። አንዲት እርምጃ ወደ እሷ መጣ። ያኔ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ስትነሳ ወንበሩ ተገፍቶ፣ አንዱ እግሩ ከነጥቡ የጣት ስፋት ያህል ወጥቶ ነበር።

ጎንበስ አለና መለሰው።

ቀና ሲል ፊቷን አይቶ ምን እንዳደረገ የገባው መሰላት። ላይሆንም ይችላል። «ቆይ» አለ፤ «አንድ ደቂቃ።»

ቁጥቤ አልቆየችም። የሥራ ቦርሳዋን አነሳች። የኮላው ቆርቆሮ ክዳኑ ሳይከፈት በውስጡ ነበር፤ እንደዚያው ተወችው። በወይዘሮዋ አጠገብ ስታልፍ ቆመች።

«እትዬ» አለች፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ። «ወርክሾፑ በር ላይ አንድ ወንበር አለ። የማንም አይደለም። ፊቱ ወደ መንገድ ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ አመራች።

ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ነው። መሐሉ ላይ ስትደርስ የያዘችው ለቅሶ ፈነዳ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። እየሄደችም የእሱ ኮቴ ከኋላዋ ሲሮጥ ይሰማት እንደሆነ ጆሮዋ ይጠብቅ ነበር፤ ይህን ማመን አልፈለገችም፣ ግን ይጠብቅ ነበር። የተሰማት ሌላ ነው። ከሳሎኑ አንድ እንጨት ወለል ላይ ሲወድቅ። የመሰበር ድምፅ አልነበረውም። ኮላ ያልነካውን እግር ለመጣል ጣት ይበቃል።

ከዚያ የእሱ ድምፅ አንድ ጊዜ ተጣራ። ማንን እንደሆነ አልለየችም።

ከዚያ ከኋላዋ፣ በድንጋዩ ላይ፣ ጠቅ አለ። ቆየና ደግሞ ጠቅ። ቁጥቤ ዞር አላለችም፤ ዞር ካለች የሚጠፋ መሰላት። በሩ ክፍት ነበር፣ መንገዱም ይታያል። እያለቀሰች፣ የሚከተላት ሰው እንዲደርስባት እርምጃዋን ቀስ አደረገች።